የተራቆተ የሕዝብ ተራራን በመንግሥት በጀት መልሶ ማልማት፦ ለአዲስ አበባ ዙሪያ ወረዳዎችና ኮሚቴዎች

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተከፍቶ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ ችግኝ የሚተከለውም በዋናነት በሐምሌ ነው። የሁለቱ መግጠም ላዩን ሲያዩት የተመቸ ይመስላል፤ ሆኖም የተራቆተ መሬትን መልሶ የማልማት ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ የሚተከል ችግኝ ዘሩ የተለቀመው፣ በችግኝ ጣቢያ ያደገውና ጉድጓዱ የተቆፈረለት በተዘጋው የበጀት ዓመት ነው፤ የሚታረመውና የሚጠበቀው በተከፈተው ዓመት በጀት ሲሆን፣ የደረቀው የሚተካው ደግሞ ገና ባልጸደቀው ነው። አንድ ዓመት ብቻ ታይቶ የታቀደ ፕሮጀክት እንግዲህ አብዛኛውን ሥራ ያለ ገንዘብ ይተዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው በወረዳ ጽሕፈት ቤት ያለ ባለሙያ ወይም የአካባቢ ኮሚቴ መሬቱን ከማጣራት ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ዓመት ጥገና ድረስ ሥራውን እንዴት እንደሚያቅድ፣ እንደሚያሠራና እንደሚቆጣጠር ነው።

መሬቱ በማን እጅ እንዳለ ማጣራት

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ይህ ማለት ግን ባዶ የሚመስል ተራራ ሁሉ በየትኛውም ወረዳ በጀት ሊሠራበት ይችላል ማለት አይደለም። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በአዲስ አበባ ዳርቻ ያለ አንድ ተራራ ፊቱ በአንድ አስተዳደር፣ ጀርባው በሌላ አስተዳደር ሥር ሊሆን ይችላል። የመናገሻ ሱባን ደን የመሰለው ደግሞ የሚተዳደረው በኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ሲሆን፣ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋራ ስምምነት የተቋቋመ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 የግልን፣ የማኅበረሰብን፣ የማኅበርንና የመንግሥትን ደን ለይቶ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ በዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚለማው ቦታ ከእነዚህ ከየትኛው እንደሚመደብ በግልጽ መጻፍ አለበት። ነገ ሣሩን ማን ያጭዳል፣ ዛፉንስ ማን ይቆርጣል የሚለው ክርክር የሚፈታው በዚያ ገጽ ነው።

ለማጣራት የሚያስፈልጉት ሰነዶች ብዙ አይደሉም። በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ቦታው ለአረንጓዴ ልማት መመደቡ፣ የድንጋይ ካባ ፈቃድ ያልተሰጠበት መሆኑ፣ የከፍተኛ ኃይል መስመር ወይም የታሰበ መንገድ የማያቋርጠው መሆኑ ከየመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ይጠየቃል። ከደብዳቤው ይልቅ የሚያስተማምነው ግን የአካባቢውን ሽማግሌዎች፣ የደብሩን አስተዳዳሪዎችና በአዋሳኝ ያሉትን ገበሬዎች ይዞ ወሰኑን በእግር መዞር፣ በየመታጠፊያው ችካል ማስተከልና እዚያው ቃለ ጉባኤ ማስፈረም ነው። ካርታው ላይ ባዶ የሆነ ቦታ መሬቱ ላይ ሲደርሱ የአንድ አባወራ የገብስ ማሳ ሆኖ መገኘቱ በዳርቻው አካባቢ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ቁራሽ ከፕሮጀክቱ ይወጣል፤ ተከልሎ ከተተከለበት በኋላ መመለስ ከባድ ነው።

ተራራውን ከላይ ወደ ታች መመርመር

ቦታው ከታወቀ በኋላ የጉዳቱን መነሻ ማወቅ ይከተላል። ምርመራው ሁልጊዜ ከጫፍ ተጀምሮ ጎርፍ ሸርሽሮ ወደ ፈጠረው ገደል፣ ወደ ቦረቦሩ ይወርዳል፤ ምክንያቱም ገንዘቡ በአብዛኛው የሚጠየቀው ለቦረቦሩ ቢሆንም ቦረቦሩን የሚያሰፋው ውሃ የሚሰበሰበው ከላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. በግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር የወጣው የማኅበረሰብ አሳታፊ የተፋሰስ ልማት መመሪያም ሥራው ከተፋሰሱ የላይኛው ክፍል እንዲጀመር ያዛል። መመሪያው የተጻፈው ለገጠር ነው፤ በከተማ ዳርቻ አንድ ነገር ሊጨመርበት ይገባል። እዚህ የጎርፉ ምንጭ ብዙ ጊዜ የተራቆተ ዳገት ብቻ ሳይሆን አዲስ የተሠራ መንደር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የተነጠፈ ኮብልስቶንና ከመንገድ ሥር የወጣ ቱቦ ነው። ከየካ፣ ከእንጦጦና ከፉሪ ተዳፋቶች በታች ቦረቦር ሲታይ ወደ ላይ ተከትሎ መሄድ ነው፤ በብዙ ቦታ ጫፉ ላይ የቱቦ አፍ ይገኛል። እንዲህ ባለው ቦታ የመንገድ ሥራውን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቱቦው የሚተፋውን ውሃ ወደ ተሠራ መውረጃ እንዲያስገባ ካልተስማማ፣ ከታች በቦረቦሩ ውስጥ ውሃውን ለመግታት የሚሠራው ዝቅተኛ ግድብ፣ ማለትም ክትር፣ በአንድ ክረምት ይጠረጋል። ስምምነቱ የበጀት ጥያቄው ከመቅረቡ በፊት በጽሑፍ ይገኝ።

ምርመራው ቢያንስ አንድ ጊዜ ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት መደረግ አለበት። ጃንጥላ ይዞ ቆሞ ማየት ባለሙያዎቻችን የማይወዱት ሥራ ነው፤ ነገር ግን በጥር ወር ደረቅ መሬት ላይ የተነደፈ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ውሃው በሌለበት በኩል ተቆፍሮ ይገኛል።

ጥያቄውን ለሚያጸድቀው ምክር ቤት ለማስረዳት የሚጠቅም ምሳሌ ቅርብ አለ። ከእነዚህ ተራሮች የሚታጠበው አፈር በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ወርዶ የሚጠራቀመው ከከተማው በስተደቡብ ባለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የሆነው አባ ሳሙኤል በደለል መሞላትና በጥገና እጦት ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሶ እንደገና ሥራ ጀመረ። ዳገቱን ለማልማት የሚጠየቀው ገንዘብ ከግድብ ማደሻ ጋር ሲተያይ ጥቂት እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

በጀቱን በሦስት ዓመት መክፈል

የሥራ ዋጋ የሚጀምረው ከሰው ቀን፣ ማለትም አንድ ሰው በአንድ ቀን ከሚሠራው ሥራ ነው። በተፋሰስ ሥራ የቆየው መለኪያ ለአንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን ሲይዝ፣ በድንጋይ ክትር ሥራ አንድ ሰው በቀን ግማሽ ሜትር ኩብ ይሠራል ተብሎ ይሰላል። ለምሳሌ 2 ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከንና እያንዳንዳቸው 6 ሜትር ኩብ የሆኑ 15 ክትሮች ቢታሰቡ፣ እርከኑ 500፣ ክትሮቹ 180፣ በድምሩ 680 የሰው ቀን ይጠይቃሉ። ድንጋዩ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ ማጓጓዣው ለብቻው ይያዝ። ድንጋይ ከሚለማው ተዳፋት እየፈነቀሉ መውሰድ ለሌላ ቦረቦር በር መክፈት ስለሆነ በውሉ ውስጥ በግልጽ መከልከል አለበት።

ችግኝን በተመለከተ፣ በ2.5 ሜትር ርቀት የሚተከል አንድ ሄክታር 1,600 ጉድጓድ ይይዛል። አሥር ሄክታር 16,000 ችግኝ ቢፈልግ፣ በማጓጓዝ የሚጎዳውንና በክረምቱ የሚተካውን አስቦ 20 በመቶ ጨምሮ 19,200 ማዘዝ ተገቢ ነው።

የሰው ኃይሉ ከሁለት ወገን ይገኛል። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎቹን በአካባቢ ልማት ሥራ ስለሚያሰማራ፣ እርከን፣ ጉድጓድ ቁፋሮና ኩትኳቶ በዚያ ሊሸፈን ይችላል። ሙያ የሚጠይቀው የጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሣጥን) እና የክትር ሥራ ግን በዘርፉ ለተደራጁ ማኅበራት ወይም ለተቋራጭ በውል ቢሰጥ ይሻላል። ሁለቱን በአንድ ውል መቀላቀል የኃላፊነት ጥያቄ ሲነሣ ማንም የማይመልሰው ጉዳይ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። መልሶ ማልማት ለፕሮጀክት በሚመደበው የካፒታል በጀት ይያዛል፤ ጥገና ደግሞ ለዘወትር ሥራና ለደመወዝ የሚመደበው የመደበኛ በጀት ጉዳይ ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የካፒታሉ መደብ ይዘጋል፤ ጥገናው ግን በማንም መደበኛ በጀት ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። ስለዚህ የፕሮጀክቱ ሰነድ ሲጻፍ የጥበቃ፣ የኩትኳቶ፣ የተተኪ ችግኝና የክትር ጥገና ወጪ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓመት በየዓመቱ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ወጪውን በመደበኛ በጀቱ የሚይዘው ጽሕፈት ቤትም በስም ተጠቅሶ ፊርማው ይኑርበት። ምን ያህል ይመደብ ለሚለው ጥያቄ፣ እንደ እኔ እምነት ከጠቅላላው ገንዘብ ሲሶው ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ላለው ሥራ ካልተያዘ፣ ጥቂት ሄክታር ቀንሶ የቀረውን በደንብ መንከባከብ ይሻላል። አሥር ሄክታር ተክሎ ሦስቱን ከማጽደቅ ስድስት ሄክታር ተክሎ አምስቱን ማጽደቅ ይቀላል፤ ወጪውም ያነሰ ነው። ይህን ሐሳብ በሪፖርት ላይ የሚጻፈው የተከላ ቁጥር እንዲበዛ ለሚፈልግ ኃላፊ ማስረዳት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።

አዲሱ በጀት በምክር ቤት ጸድቆ፣ ተሸንሽኖና ወረዳ ደርሶ ገንዘብ እስኪለቀቅ ድረስ የተከላው ጊዜ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ሐምሌ ላይ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር ሁሉ በተቻለ መጠን ከሰኔ 30 በፊት ተከፍሎ ማለቅ አለበት። ዶማና አካፋ፣ የችግኝ ማመላለሻ ኪራይ፣ የጉድጓድ ቁፋሮ ክፍያ በግንቦት ተዘግተው ሐምሌ የመትከያ ጉልበት ብቻ የሚጠይቅ ወር ይሁን። የድንጋይና የአፈር ሥራ ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ጊዜ ይሠራል። ጉድጓድ የበልግ ዝናብ መሬቱን ካለሰለሰ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ቢቆፈር ጉልበት ይቆጥባል።

የድንጋይ ክትር አሠራር

በቦረቦር ውስጥ የሚሠራ ክትር ሲፈርስ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የድንጋይ ማነስ ሳይሆን ውሃው በጎኑ ወይም በሥሩ መንገድ ማግኘቱ ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ዓይኑን የሚጥለው ከፍታው ላይ ሳይሆን በመሠረቱና በሁለቱ ክንፎች ላይ ይሁን።

በመጀመሪያ የክትሮቹ ቦታ በገመድና በውሃ ልክ ይለካል። ደንቡ የላይኛው ክትር እግር ከታችኛው ክትር ማስተንፈሻ (ውሃው የሚያልፍበት ዝቅ ያለ መካከል) ጋር በአንድ ከፍታ ላይ መሆን አለበት የሚል ነው። የቦረቦሩ ወለል በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወርድ ከሆነና የክትሩ ማስተንፈሻ ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ በሁለት ክትሮች መካከል ያለው ርቀት 10 ሜትር ይሆናል። ርቀቱ ከዚህ ከበለጠ ውሃው በመካከል ጉልበት አግኝቶ የላይኛውን እግር ይሸረሽራል። ከ1.5 ሜትር በላይ የሚረዝም የደረቅ ድንጋይ ክትር ባይሠራ ይመረጣል፤ ከፍ ያለ ነገር የግድ ከሆነ በጋቢዮን ይሠራ።

ቀጥሎ መሠረቱ እስከ ግማሽ ሜትር ይቆፈራል፤ በሁለቱም ግድግዳዎች በኩል ደግሞ ክንፉ የሚገባበት ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር የሚደርስ ጎድጓዳ ይከፈታል። የድንጋዩ አደራደር ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ትልልቆቹ ድንጋዮች በመሠረቱ ላይ ረጅም ጎናቸው ውሃው በሚፈስበት አቅጣጫ እንዲሆን ተደርገው ይተኛሉ፤ ስፋታቸውን ለውሃው አሳይተው ከተደረደሩ ጎርፉ አንድ በአንድ ይነቅላቸዋል። በእያንዳንዱ ረድፍ የላይኛው ድንጋይ የታችኞቹን ሁለት ድንጋዮች መገናኛ ይሸፍናል፤ በመካከል የቀረው ክፍተት በጠጠር ሳይሆን ተጠርቦ በሚገባ ድንጋይ ይታሸጋል። ወደ ታች የሚያየው ፊት ጥቂት ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ይወጣል። መካከሉ ከሁለቱ ጫፎች ዝቅ ብሎ ማስተንፈሻ ይሆናል፤ ውሃው ከዚያ ወርዶ የሚያርፍበት ቦታም በትልልቅ ድንጋይ ይነጠፋል። ሠራተኞች ማስተንፈሻውን ቀጥ አድርገው መዝጋት ይቀናቸዋል፤ ለዓይን የሚያምር ግድግዳ ይሆናል፤ ውሃው ግን መካከሉን ሲያጣ ወደ ጎን ሄዶ አፈሩን ይበላና ክትሩን እንደ ደሴት ብቻውን ያስቀረዋል።

ሥራው በእርግጥ ደንቡን ጠብቆ መሠራቱን ለማወቅ ቀላል ፍተሻ አለ። አንዱን ድንጋይ ከላይኛው ረድፍ በእጅ ይዞ መወዝወዝ ነው፤ የሚነቃነቅ ከሆነ ረድፉ ይፈርስና እንደገና ይደርደር።

በአቃቂ አካባቢ ያለው ጥቁር ዋልካ ሌላ ጠባይ አለው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከክትሩ ሥር በዋሻ መልክ ይወጣል። ዋልካ ላይ የቦረቦሩን ገደል ለዘብ ባለ ተዳፋት አርሶ ማስተካከል፣ ዝሆኔ ሣርና ቬቲቨር መትከልና ዝቅተኛ ክትሮችን ብቻ መሥራት ከከባድ የድንጋይ ግንባታ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ለዋልካም ሆነ ለቀይ አፈር የጋቢዮን ግዢ ሲታዘዝ 2 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነው ሣጥን 2 ሜትር ኩብ ድንጋይ እንደሚወስድና ድንጋዩ ከሽቦው ቀዳዳ የሚበልጥ መሆን እንዳለበት በሥራ ዝርዝሩ ላይ ይጻፍ። ሽቦው በየቤቱ ለአጥር ስለሚፈለግ፣ ተገዝቶ ከመጣበት ዕለት ጀምሮ በመጋዘን ቁልፍ ይቆለፍበት።

ምን ይተከል፣ እንዴት ይተከል

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ የማገዶና የግንባታ እንጨት ችግርን ያቃለለው ባሕር ዛፍ ዛሬም የእንጦጦን አብዛኛውን ገጽ ይዟል። ነጭ ባሕር ዛፍን አንድ ላይ ጨፍጭፎ አገር በቀል መትከል በተዳፋት መሬት ላይ አደገኛ ነው፤ አፈሩ ቢያንስ አንድ ክረምት ያለ ሽፋን ይቀራል። የተሻለው መንገድ ተዳፋቱን አግድም በሚያቋርጡ ጠባብ ቅያሶች እየከፈሉ በየዓመቱ አንዱን ብቻ መቁረጥና በዚያው ክረምት በአገር በቀል መተካት ነው። ጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። በተዳፋት ላይ ጉቶ መንቀል አፈር ስለሚያናጋ፣ ልጡን እስከ መሬት ልጦ በየጥቂት ወሩ የሚያቆጠቁጠውን መመልመል ይመረጣል። ይህም ሥራ የራሱ የሰው ቀን ያስፈልገዋል፤ በብዙ ዕቅዶች ውስጥ ግን አይገኝም።

ከአገር በቀሎቹ መካከል በከፍታው ላይ ኮሶ፣ አስታና አምጃ፣ ከዚያ ዝቅ ሲል ጽድ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት፣ በጥላና በእርጥብ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ዝግባ ይስማማሉ። የቦረቦር ዳር ለኮሽም፣ ለቀጋና ለአጋም ይተው፤ እሾሃቸው ከብት ያርቃል። ዘሩን ከሩቅ ገበያ ከማምጣት በአካባቢው ካሉ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር መለመን ይቻላል፤ ዕድሜ ጠገብ ጽድና ወይራ ተጠብቆ የቆየው እዚያ ነው። ለዚህ ሥራ አርአያ ከተፈለገ ከወጨጫ ተራራ ሥር ያለው የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደተተከለ ይነገርለታል።

ጽድና ወይራ በችግኝ ጣቢያ ቢያንስ አንድ ዓመት ያህል መቆየት ስለሚፈልጉ፣ ትእዛዙ ከተከላው አንድ ክረምት ቀድሞ መሰጠት አለበት። በሰኔ መጨረሻ ችግኝ ፍለጋ የሚነሣ ወረዳ የሚያገኘው ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ብቻ ነው። ችግኙን ሲረከቡ ቁመቱን ብቻ አይቶ መቀበል ስህተት ነው። ከየመደቡ ጥቂት ቱቦ ላስቲክ ቀድዶ ሥሩን ማየት፣ ሥሩ በሥር ዙሪያ ተጠምጥሞ ከሆነም መመለስ ያስፈልጋል። ከተከላው አንድ ወር ቀድሞ ጥላው ተነሥቶና ውሃው ተቀንሶ ፀሐይ ያልለመደ ችግኝ ተራራ ላይ ወጥቶ በሳምንት ውስጥ ይጠወልጋል።

ጉድጓዱ 40 ሴንቲ ሜትር በ40 በ40 ይሆናል፤ የላይኛው ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው ቀይ አፈር በሌላ ወገን ይከመራል፤ ሲተከል ጥቁሩ ወደ ሥሩ ይገባል፣ ቀዩ ከታች በኩል ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ውሃ ያቁራል። ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይወልቃል። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሕዝብ በአንድ ቀን ስለሚተክል፣ ለየ30 ተካዮች አንድ የሠለጠነ አስተባባሪ ማቆምና የወለቀውን ላስቲክ በቁጥር ማስረከብ ይበጃል፤ የተረከበው ላስቲክ ከወጣው ችግኝ ካነሰ ጥቂቱ ከነላስቲኩ ተቀብሯል ማለት ነው።

ክለላና የሚጎዱት ሰዎች

ተራራን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ማድረግ ርካሹና ውጤታማው ሥራ ነው፤ ብዙ ቦታ ላይ ምንም ሳይተከል ሣሩና ቁጥቋጦው በራሱ ይመለሳል። ነገር ግን ተራራው ባዶ አይደለም። ከእንጦጦና ከየካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚኖሩ እናቶች አሉ፤ በዳርቻው ያሉ አባወራዎች ከብት የሚያሰማሩት እዚያ ነው። እነርሱን በጥበቃ ብቻ ማራቅ የሚቻለው ዘበኛው እስከሚተኛ ድረስ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ከክለላው በፊት ይደረጉ፦ ቅጠል የሚሸከሙት እናቶች በሴፍቲኔት ወይም በፕሮጀክቱ የኩትኳቶ ሥራ ቅድሚያ እንዲያገኙ መመዝገብ፤ ከባሕር ዛፉ ምልመላ የሚወጣው ጭራሮ ለእነርሱ የሚከፋፈልበትን ቀን መወሰን፤ ለከብት አርቢዎች ደግሞ ከክረምቱ መውጫ በኋላ ሣሩን አጭዶ የመውሰድ መብት መስጠት። ከሣር ሽያጭ የሚገኝ ገንዘብ ካለ የት እንደሚቀመጥና ለምን እንደሚውል በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍ። ደንቡን በወረዳው አዳራሽ ከማጽደቅ በየዕድሩ አቅርቦ ማስወሰን ይበልጥ ያስከብረዋል፤ ከዕድሩ ጋር መጣላት የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው።

ቆጠራ፣ ክፍያና ርክክብ

ተከላው በሐምሌ መሆኑ አንድ ጥቅም አለው፤ ከተከላ እስከ ቀጣዩ ሰኔ ያለው ጊዜ በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ይወድቃል፤ ስለዚህ ክፍያን ከጽድቀት፣ ማለትም ከተተከለው ችግኝ በሕይወት ከቆየው መጠን ጋር ማያያዝ ይቻላል። የግዢ ክፍሉ ከተስማማ ከውሉ ዋጋ ግማሹ ተከላው ሲረጋገጥ፣ ሩቡ ከኅዳር ቆጠራ በኋላ፣ የቀረው ሩብ በግንቦት መጨረሻ ቆጠራ ተደርጎ ከሰኔ 30 በፊት እንዲከፈል ይደረግ። እስከ ሰኔ ያልተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን የግንቦቱ ቆጠራ ቀን አይታለፍም።

ቆጠራው ሁሉንም ችግኝ መዞር አይጠይቅም። 5.64 ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ አንዱን ጫፍ በችካል አስሮ ሲዞሩት 100 ካሬ ሜትር ክብ ይሰጣል፤ በ2.5 ሜትር ርቀት በተተከለ ቦታ በአማካይ 16 ጉድጓድ ይይዛል። በተዳፋት ላይ ገመዱ መሬቱን ተከትሎ ሳይሆን አግድም ተወጥሮ መያዝ አለበት። በአሥር ሄክታር ላይ 20 ክብ ቢወሰድ 320 ጉድጓድ ይቆጠራል፤ ከእነዚህ 208 ሕይወት ያለው ችግኝ ካላቸው ጽድቀቱ 65 በመቶ ነው። ክቦቹ በቆጣሪው ምርጫ እንዳይሆኑ አስቀድሞ በካርታው ላይ ምልክት ይደረግባቸው፤ አለዚያ ክቦቹ ሁሉ ከመንገድ ዳር ካለው የተዋበ ክፍል ላይ ይወድቃሉ። የኅዳሩ ቆጠራ የሚያሳየው የተከላውን ጥራት ሲሆን፣ የግንቦቱ ደግሞ የውርጭን፣ የበጋን ድርቀትና የጥበቃውን ብርታት ያሳያል፤ ሁለቱን ለይቶ መመዝገብ ጥፋቱ የተካዩ ነው ወይስ የጠባቂው የሚለውን ይለያል።

የመጀመሪያው ኩትኳቶ በመስከረም መጨረሻ ይሠራል፤ አረሙ ተነቅሎ እዚያው በችግኙ ዙሪያ ይነጠፋል። ከታኅሣሥ በፊት በተራራው ወሰን ዙሪያ ሣሩ ተጠርጎ የእሳት መከላከያ መስመር ይወጣል። በየክረምቱ መጀመሪያ ክትሮቹ በሙሉ ይታያሉ፤ የተነቀለ ድንጋይ በአንድ ሰው ቀን ይመለሳል፤ ከተዘለለ ግን በመስከረም ክትሩ ሳይፈርስ ይገኛል ማለት ዘበት ነው። ከክትሩ በላይ ደለል ሞልቶ እስከ ማስተንፈሻው ሲደርስ ሣርና ዛፍ የሚተከልበት ደህና መሬት ይሆናል።

በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ የሚፈረመው የመጨረሻ ርክክብ ሰነድ የሚከተሉትን መያዝ ይገባዋል፦ የወሰን ችካሎቹ ቦታ፣ የክትሮቹ ቁጥርና ካርታ፣ የየዓመቱ የጽድቀት ቆጠራ ውጤት፣ ከአንድ ቋሚ ቦታ በየዓመቱ የተነሡ ፎቶግራፎች፣ በዕድሮች የጸደቀው መተዳደሪያ ደንብ፣ የሣር ሽያጩ ሒሳብ፣ የጠባቂዎቹ የቅጥር ውልና ከቀጣዩ ሐምሌ 1 ጀምሮ ደመወዛቸው የሚከፈልበት የመደበኛ በጀት መደብ ቁጥር። የመጨረሻው ካልተሞላ ተረካቢው ጽሕፈት ቤት አይፈርም፤ አስረካቢውም ፕሮጀክቱን አይዘጋም።